እማሆይ ኬቪን

በኡጋንዳ አገር የሉጋንዳ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሐኪም ቤትን ወይም የበጎ አድራጎት ቤትን ኬቪና ይሉት ነበር። ቃሉ ከአባቶች የወረደ የሉጋንዳ ቃል አይደለም፤ ከአየርላንድ ተነሥተው ወደዚያ አገር የመጡ የአንዲት የካቶሊክ መነኩሲት ስም ነው። የሰው ስም ለሥራው መጠሪያ እስኪሆን መድረሱ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ስላልሆነ፣ የእኒህን ሴት የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ለመምህራን ማቅረብ የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የልደት ስማቸው ቴሬዛ ኪርኒ ይባላል። በ1875 በአየርላንድ፣ በዊክሎ አውራጃ፣ አርክሎ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት እርሳቸው ገና ሳይወለዱ ነው፤ እናታቸውም በ10 ዓመታቸው ስለ ሞቱባቸው በአያታቸው እጅ አደጉ። ከፍ ሲሉ ረዳት መምህርት ሆነው ጥቂት ጊዜ አስተማሩ። ስለዚህ አስቀድሞ የሙያ ባልደረባችን ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ኋላ የሠሩትን ስንመለከትም ማስተማሩን ፈጽሞ እንዳልተዉት እናያለን። በ1895 ለንደን ውስጥ በሚል ሂል ወደሚገኘው የቅዱስ ፍራንሲስ ደናግል ገዳም ገቡ፤ በመነኰሱም ጊዜ ኬቪን ተባሉ።

በዚያን ጊዜ በኡጋንዳ የነበሩት ጳጳስ ሄንሪ ሃንለን መነኮሳይያት እንዲላኩላቸው ጠይቀው ስለ ነበር፣ እማሆይ ኬቪን ከሌሎች 5 እኅቶች ጋር በ1902 መጨረሻ ከለንደን ተነሥተው በጃንዋሪ 1903 ካምፓላ አጠገብ ንሳምብያ ከምትባለው ኮረብታ ደረሱ። የሐኪም ቤት ሕንፃ አልነበረም። ሕሙማንን የተቀበሉት በአንድ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ዘመኑም ክፉ ነበር። ፄፄ በምትባለው ዝንብ የሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ገብቶ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ200 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ፈጀ። ለዚህ በሽታ የሚረባ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበርና፣ የአስታማሚ ሥራ በሽተኛውን ማጠብ፣ ማጉረስና እስኪሞት ድረስ ከአጠገቡ አለመለየት ነበር።

በ1914 የተነሣው የዓለም ጦርነት ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ በተሻገረ ጊዜ ንሳምብያ የሕሙማንና የቁስለኞች ማረፊያ ሆነች። ከመጡትም መካከል ለእንግሊዝ ጦር ስንቅና ጥይት ተሸክመው በረሃ ለበረሃ የተጓዙት አፍሪቃውያን ነበሩ። እማሆይ ኬቪን ስለዚህ አገልግሎታቸው በ1918 ከእንግሊዝ መንግሥት ኒሻን ተሸለሙ። የተሸካሚዎቹን ስም የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

እኛ መምህራን ከሁሉ አብልጠን ልንመለከተው የሚገባን ከዚህ በኋላ የሠሩትን ነው። በዚያ አገር ብዙ እናቶች በወሊድ፣ ብዙ ሕፃናትም በተወለዱ በጥቂት ቀን ይሞቱ ነበር። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ደንብ ግን መነኩሲት አዋላጅ እንዳትሆን ይከለክል ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ1936 ነው። ምጥ የያዛት ሴት ደንብ እስኪለወጥ አትጠብቅም። ደንቡን መጣስም ከመነኩሲት የሚጠበቅ አይደለም። እማሆይ ኬቪን በመካከል ያገኙት መንገድ ትምህርት ቤት ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኤቭሊን ኮኖሊ ከተባሉት፣ መነኩሲት ካልነበሩት ሴት ሐኪም ጋር ሆነው የአገሩን ልጃገረዶች በንሳምብያ ለአስታማሚነትና ለአዋላጅነት ማሠልጠን ጀመሩ። መነኩሲቷ እጇን እንዳታገባበት የተከለከለችውን ሥራ የትምህርት ቤቱ ልጅ ሠራችው ማለት ነው።

በ1923 ደግሞ 8 ልጃገረዶችን ይዘው የቅዱስ ፍራንሲስ ታናናሽ እኅቶች የሚባለውን የተወላጆች ማኅበር መሠረቱ፤ ዋናው ገዳም ንኮኮንጄሩ ላይ ሆነ። በኡጋንዳ እንዲህ ያለ ማኅበር ሲቋቋም ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ በማሳካ በኩል ባናቢኪራ የተባሉት ይቀድማሉ። ይሁን እንጂ ሴት ልጅ ሳታገባና ሳትወልድ መኖሯ እንግዳ ነገር በነበረበት አገር፣ አፍሪቃዊት ገዳምና ሐኪም ቤት ታስተዳድራለች ብሎ የሚያስብ ፈረንጅም ጥቂት በነበረበት ዘመን፣ ስምንት ልጆች ይዞ መነሣት ብርቱ እምነት የሚጠይቅ ነው። እኒያ እኅቶች በማስተማርና በማስታመም ሥራ ተሠማሩ፤ ማኅበራቸውም አድጎ ወደ ኬንያና ወደ ታንዛኒያ ተሻገረ።

በ1930ዎቹ በኒዬንጋና በቡሉባ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ተቋቋመ፤ በ1942 የናማጉንጋ የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1952 ለአፍሪቃ ብቻ የተለየ የፍራንሲስካን መነኮሳይያት ማኅበር ሲመሠረት እማሆይ ኬቪን የመጀመሪያዋ እመምኔት ሆኑ።

ይህን ኃላፊነት በ1955 ካስረከቡ በኋላ እንኳ አላረፉም። 80 ዓመት ሞልቷቸው ሳለ ለአፍሪቃው ሥራ ገንዘብ እንዲሰበስቡ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቦስተን ከተማ ሄዱ፤ በኦክቶበር 1957 በዚያው ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ አየርላንድ ተወሰደ። የኡጋንዳ ምእመናን ግን ወደ እነርሱ እንዲመጣ አጥብቀው ጠየቁ፤ የተወለዱበት አገር ለእነርሱ እንደ ሰው አገር ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር አስከሬኑ እንደ ገና ባሕር ተሻግሮ በንኮኮንጄሩ፣ በታናናሽ እኅቶች መካከል ተቀበረ።