ጭንቅላቱን ተመርመር የተባለው ሐኪም

እናታችሁ ወይ እህታችሁ ማዮማ ወጥቶላት፣ ሆዷ ላይ የቀረው ምልክት ሦስት አራት ትንንሽ ጠባሳ ብቻ ከሆነ ኩርት ዜም የሚባል ጀርመናዊ ሐኪምን አመስግኑልኝ።

ዜም እ.ኤ.አ. በ1927 ሙኒክ ተወለደ። የማህፀን ሐኪም ቢሆንም መሣሪያ መፈልሰፍ ነፍሱ ነበር። በዚያን ጊዜ በእምብርት በኩል ቀጭን መነፅር አስገብቶ ሆድ ውስጥ ማየት ይቻላል። ይሄ ላፓሮስኮፒ ይባላል። ለማየት ግን ሆዱ በጋዝ መነፋት አለበት፤ ጋዙ ከበዛ ደግሞ አደጋ አለው። ዜም የጋዙን ግፊት በራሱ የሚቆጣጠር ማሽን ሠራ። ደም ማቆሚያና ውስጥ ለውስጥ ክር መቋጠሪያ ዘዴም ጨመረበት። በቃ፣ ማየት ብቻ የነበረው ነገር ኦፕራሲዮን ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1970 የኪል ዩኒቨርሲቲ የማህፀን ክፍል ኃላፊ ሲሆን ዘዴውን ይዞ ሄደ። የሥራ ባልደረቦቹ ግን ሰውዬው ጤነኛ አይደለም ብለው ጭንቅላቱን እንዲመረመር ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ትርፍ አንጀትን በዚሁ ዘዴ አወጣ። ያኔማ ከቀዶ ሐኪሞች አለቆች ከሥራው ይታገድ የሚል ጥያቄ መጣ።

እኔ ከሕይወቱ በጣም የምወደው መልሱን ነው። ሐኪሞች ሰው ላይ ከመሥራታቸው በፊት እጃቸውን የሚያፍታቱበት መለማመጃ ሣጥን ሠራላቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካዊው ሃሪ ራይክ ማህፀንን በላፓሮስኮፒ አወጣ። ዜም እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ሲያርፍ ያሾፉበት ዘዴ ዓለምን አዳርሶ ነበር።

ታዲያ ትንሽ ቀዳዳ ሁልጊዜ ይሻላል? አይደለም። ካንሰር ላልሆነ ችግር ማህፀን ይውጣ ከተባለ፣ የሚመች ከሆነ በብልት በኩል ማውጣት ይመረጣል፤ ሆድ ጭራሽ አይቀደድም። ያ ካልተመቸ ላፓሮስኮፒ ይከተላል። ሕመምተኛዋ ሆዷ ከተከፈተው ቶሎ ታገግማለች፤ ግን ኦፕራሲዮኑ ረዘም ይላል፣ የሽንት ቧንቧና ፊኛ የመጎዳት ዕድሉም ከፍ ይላል። ሮቦቱ ውድ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ከላፓሮስኮፒ እንደሚበልጥ ግን በግልጽ አልታየም። ማዮማው ማህፀን ክፍተት ውስጥ ከሆነ በማህፀን በር በኩል በሚገባ መነፅር፣ ሆድ ሳይቀደድ ሊወጣ ይችላል። በጣም ትልቅ ሲሆን ደግሞ ሆድን መክፈቱ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቤተሰብ ይዛችሁ ስትሄዱ አትፍሩ፣ ሐኪሙን ጠይቁ። ለእሷ ይሄ መንገድ ለምን ተመረጠ? ሌላ አማራጭ አለ? እርስዎስ በዚህ ዘዴ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ይሄ ነገረኛነት አይደለም። ዜምም ጭንቅላትህን ተመርመር የተባለው ይሄን ያህል መቅደድ የግድ ነው ወይ ብሎ ስለጠየቀ ነው።