ድራኩላ የተባለው ሰው ማን ነበር?

የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ዛፍ ላይ ሆና ፍልሚያውን የምትመለከተውን ልጃገረድ ያውቃታል። ስሟ ቤሩታዊት ነው፤ የቤሩት ልጅ ማለት ነው። የዚህ ከተማ ሰዎችም ቅዱሱ ዘንዶውን የገደለው እዚሁ ነው ይላሉ፤ ከወደቡ ጎን ያለው የባሕር ወሽመጥ ዛሬም በጊዮርጊስ ስም ይጠራል። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በሲኒማ የምናውቀው ደም መጣጩ ድራኩላ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዘንዶ ነው።

በ1408 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሁንጋሪያው ንጉሥ ሲግስሙንድ የዘንዶ ማኅበር የተባለ የመኳንንት ማኅበር አቋቋመ። ዓላማው መስቀልን ከጠላት መከላከል ሲሆን ዋነኛው ጠላት የኦቶማን ቱርክ ነበር። የዋላኪያው ቭላድ 2ኛ በ1431 ኑረምበርግ ላይ የዚህ ማኅበር አባል ስለሆነ «ድራኩል» ተባለ፤ ዘንዶው እንደ ማለት ነው። ልጁም ድራኩላ፣ ማለትም የድራኩል ልጅ ሆነ። ነገር ግን በሩማንያ ቋንቋ ይኸው ቃል ሰይጣን የሚል ትርጉም ስላለው ለጠላት የተመቸ ስም ነበር።

ቭላድ 3ኛ ድራኩላ የተወለደው በ1431 ገደማ፣ በእኛ አገር ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሊነግሡ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው ነው። የዛሬዪቱ ሩማንያ ደቡባዊ ክፍል የሆነችው ዋላኪያ በሁንጋሪያና በቱርክ መካከል፣ በመጅና በወፍጮ መካከል እንደ ገባ እህል ነበረች። አባትየው ለሱልጣን ሙራድ ታማኝነቱን ለማሳየት በ1442 ቭላድንና ታናሹን ራዱን በመያዣነት ሰጠ። ቭላድ ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ቱርክኛቸውንና የጦር ስልታቸውን ከውስጥ ሆኖ አወቀ። በ1447 አባቱ ተገደለ፤ ታላቅ ወንድሙን ሚርቻን ደግሞ የዋና ከተማው የትርጎቪሽቴ ሹማምንት ከነነፍሱ ቀበሩት ይባላል።

በ1448 በቱርኮች ድጋፍ ሁለት ወር ያህል ገዛ፤ ተባረረ። በ1456 ተመልሶ ዙፋኑን ያዘ። ቦያር የሚባሉትን መሳፍንት መታ፤ በትራንሲልቫንያ ከተሞች ከሚኖሩት ከጀርመን ዘር የሆኑ ነጋዴዎች ጋርም ተጣላ። በአንድ በኩል በንግድ፣ በሌላ በኩል ዙፋኑን የሚሹ ተቀናቃኞቹን ስለሚያስጠልሉ ነበር ጠቡ። ቅጣቱ ሰውን በሹል እንጨት ላይ መሰካት ስለነበረ ከሞተ በኋላ «ጼፔሽ»፣ ሰኪው፣ የሚል ቅጽል ወጣለት። ጭካኔውን ላስተባብል አልፈልግም፤ ራሱም አልደበቀውም። በ1462 የካቲት ለሁንጋሪያው ንጉሥ ለማትያስ በጻፈው ደብዳቤ በዳንዩብ ወንዝ ዳርቻ ያስገደላቸውን ሰዎች 23,884 ብሎ እንደ ገበያ ሒሳብ ቆጥሯል። በዚያው ዓመት ሰኔ ሱልጣን መሐመድ 2ኛ፣ ቁስጥንጥንያን የያዘው፣ ራሱ ዘመተበት። ቭላድ በሌሊት የሱልጣኑን ሰፈር ወረረ፤ ሱልጣኑን ግን ሳያገኘው ቀረ። ሱልጣኑ ወደ ትርጎቪሽቴ ሲደርስ በእንጨት ላይ የተሰኩ ሰዎች ጫካ ጠበቀው፤ የግሪኩ ጸሐፊ ካልኮኮንዲሊስ ወደ 20,000 ያደርሳቸዋል። ሆኖም አገሩን የወረሰው በቱርኮች የተደገፈው ወንድሙ ራዱ ነበር።

ቭላድ እርዳታ ፍለጋ ወደ ማትያስ ሸሸ፤ ማትያስ ግን አሰረው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ማትያስ በቱርክ ላይ ሊዘምት ከጳጳሱ ገንዘብ ተቀብሎ ነበር፤ አልዘመተም። ስለዚህ የታሰረው ሰው ከሐዲና አውሬ ሆኖ መታየት ነበረበት። የማተሚያ መኪናም አዲስ የወጣበት ዘመን ነበርና ነጋዴዎቹ የሚያወሩት የግፍ ታሪክ በጀርመንኛ እየታተመ በገበያ ተሸጠ፤ በ1488 ኑረምበርግ ላይ የታተመው እስከ ዛሬ አለ። በኋላ ዘመን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ የቻውሼስኩ መንግሥት በ1976 የሙት ዓመቱን 500ኛ መታሰቢያ ሲያከብር ብሔራዊ ጀግና አደረገው። ያም ሆነ ይህ፣ ከሞት ተነሥቶ ደም ይመጥጣል ያለው ከከሳሾቹ አንድም አልነበረም። ከእስር ወጥቶ ለጥቂት ጊዜ ከገዛ በኋላ በ1476 መጨረሻ ወይም በ1477 መጀመሪያ በጦርነት ሞተ፤ ራሱም ተቆርጦ ለሱልጣኑ ተላከ።

ደም መጣጩ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው። በ1732 የኦስትሪያ ጦር ሐኪሞች ከሰርብያ መንደር መቃብር ያስወጧቸው አንዳንድ ሬሳዎች እንዳልፈረሱና ደም እንዳለባቸው ጽፈው ዘገቡ። ዛሬ ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ምክንያቱን ይማረዋል። በመበስበስ ጊዜ የሚፈጠር ጋዝ ሆድን ይነፋል፣ ደም የመሰለ ፈሳሽ በአፍ ያስወጣል፤ ቆዳ ሲሸሽም ጥፍርና ጢም ያደጉ ይመስላሉ። በ1755 ሐኪሙ ቫን ስዊተን ይህን ለንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ስላስረዳ ሬሳ እያወጡ ማቃጠል ተከለከለ። በሰርብያ ገበሬ ለመሳቅ ግን አንቸኩል። እኛም ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤሉን ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ መቃብር ይቆፍራል ስንል ኖረናል፤ ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን ማዕዱን ሸሽተናል። ከእኛ መካከል ነገ አውራጃ ወርዶ የሚያክም ሰው «ቡዳ በላው» የተባለ ታማሚ ሲመጣለት፣ ከታማሚው ሌላ በልቷል የተባለው ጎረቤትም እንዳለ ያስብ።

ሁለቱን ያጋባቸው አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር ነው። ለንደን ውስጥ የቴአትር ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ትራንሲልቫንያን አይቶ አያውቅም። ለደም መጣጩ መጀመሪያ ሌላ ስም አስቦለት ነበር። በ1890 በጋ ዊትቢ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ስለ ዋላኪያ የተጻፈ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሲያገላብጥ በግርጌ ማስታወሻ ድራኩላ ማለት ሰይጣን ነው የሚል አነበበና ስሙን ወሰደ። ልቦለዱ በ1897 ታተመ።

ዛሬ ቱሪስት የሚጎርፍበት የብራን ግንብ የቭላድ መኖሪያ አልነበረም። የእርሱ ምሽግ የነበረው ከአርጄሽ ወንዝ በላይ ያለው ፖየናሪ ነው፤ የተረፈው ፍርስራሽ ብቻ ሲሆን ወደዚያ የሚያወጣው ደረጃ 1,480 ነው።