የዛጎሎቹ ዳኛ

ቶማስ ዴቪድሰን ሕግ አልተማረም። እኔ የሕግ ሰው ነኝና ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ግን ዳኛ ነው። የዳኘው ደግሞ ሰውን ሳይሆን ብራኪዮፖድ የሚባሉ የባሕር ፍጥረታትን ነው።

መቼም አንባቢዬ፣ እነሱ ደግሞ ምንድን ናቸው ማለትዎ አይቀርም። ሁለት ክዳን ባለው ዛጎል ውስጥ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ምግባቸውን ከውኃው እያጠለሉ የሚበሉ ትናንሽ እንስሳት ናቸው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከምድር ከጠፉ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። እኛም አገር አሉ። መቀሌ ዙሪያ ያለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ አካባቢው ባሕር በነበረበት ዘመን የኖሩትን ድንጋይ አድርጎ አስቀምጧቸዋል።

ዴቪድሰን በ1817 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤደንብራ ውስጥ ከባለርስት ቤተሰብ ተወለደ። የእንጀራ ነገር ያሳሰበው ሰው አልነበረም። አውሮፓ እየተዘዋወረ ተማረ፤ ፓሪስ ውስጥም ሥዕል አጠና። በ1837 ጀርመናዊው የሥነ ምድር ሊቅ ሊዮፖልድ ፎን ቡክ ወደ ብራኪዮፖድ መራው፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ አልተላቀቃቸውም። የብሪታንያን ቅሪተ አካል ብራኪዮፖዶች የመዘገበበት ሥራ በ1850 መታተም ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ። ከ200 የሚበልጡትን የሥዕል ገጾች የሳለው ራሱ ነው። የሥዕል ትምህርቱ የት እንደዋለ ልብ ይበሉልኝ።

ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ውቅያኖሶችን ስትዞር ዴቪድሰን አብሯት አልተጓዘም። ከባሕር ወለል የተጎተቱት ዛጎሎች ግን ወደ እሱ መጡ። ከየት ቦታና ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጡ ተመዝግቧል። በሕግ ቋንቋ ማስረጃው ምንጩ ይታወቃል ማለት ነው። ይህ ባይኖር ኖሮ ዛጎሉ የት እንዳየ የማያውቅ ምስክር በሆነ ነበር።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዛጎል ከዚህ በፊት ካልተመዘገበበት ባሕር ሲወጣ አዲስ ዝርያ ነው ወይስ የቆየው ዝርያ አዲስ ቦታ ተገኘ? አዲስ ነው ማለት ያጓጓል። የሰያሚው ስም ከዝርያው ስም ጎን ለዘለዓለም ይጻፋልና። ዊሊያም ኪንግ በ1868 በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሰየመው ዲሲና አትላንቲካ ፓሲፊክ ውስጥ ሲገኝ ዴቪድሰን ያው ነው ብሎ መዘገበው። ስሙ ከአድራሻው ጋር ተጋጨ፤ እሱ ግን የፈረደው በዛጎሉ እንጂ በስሙ አልነበረም። ዛሬ ፔላጎዲስከስ አትላንቲከስ የሚባለው ይኸው ዝርያ በብዙ የዓለም ውቅያኖሶች ጥልቅ ወለል ላይ ይታወቃል።

አዲስ ሆኖ ያገኘውን ደግሞ አዲስ ብሏል። በ1878 አንዱን የጥልቅ ባሕር ዝርያ በጉዞው የሳይንስ መሪ በዋይቪል ቶምሰን ስም ቴሬብራቱላ ዋይቪሊ አለው። የኋላ ሊቃውንት ምድቡን አቢሶታይሪስ ወደሚባል ወገን አዛውረውታል፤ ዝርያው ግን እንደ ቆመ ነው። የቻሌንጀር ብራኪዮፖዶች ዘገባ በ1880 ታተመ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የዳርዊን ጉዳይ ነው። ዳርዊን በ1861 ጽፎለት፣ ብራኪዮፖዶች በዝግታ እየተለወጡ አንዱ ከሌላው መውረዱን እንዲመረምር ለመነው። ታላቅ ሰው ሲለምን እሺ ማለት ይቀናል። ዴቪድሰን መረመረ፤ በ1877 ስለ ጉዳዩ ሲጽፍም መለዋወጥ መኖሩን አልካደም፤ ለትልቁ ድምዳሜ ግን በእጁ ያለው ማስረጃ አልበቃውም። በትልቁ ጥያቄ ዳርዊን ነው የረታው። ፈሪ ነበር የሚሉት ይኖራሉ። ለእኔ ግን ካየው በላይ አልመሰክርም ያለ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ምስክር ፍርድ ቤት ውስጥም በየቀኑ አይገኝም።

በ1885 ብራይተን ውስጥ አረፈ። ስብስቡን ለብሪትሽ ሙዚየም አወረሰ። ስለ ዛሬዎቹ ብራኪዮፖዶች ጀምሮት የነበረውን መጽሐፍ አግነስ ክሬን የተባለች ሴት አሰናድታ ከ1886 እስከ 1888 ድረስ በክፍል በክፍል ለሕትመት አበቃችው።