የመሐንዲሱ የኢልግ ታሪክ

አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር ተወለደ። በዙሪክ ከተማ ምህንድስና ተምሮ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ምኒልክ መጣ።

ንጉሡም ሊፈትኑት ወደው አስቀድሞ ጫማ እንዲሰፋ አዘዙት ይባላል። ጫማ መስፋት የመሐንዲስ ሥራ አይደለም፤ እርሱ ግን ሳይኰራ ሰፍቶ አቀረበ። ሁለተኛም ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት። ከውጭ አገር ቢገዛ እንደሚረክስ ቢያስረዳም፥ ንጉሡ አልተቀበሉትምና ሠርቶ ሰጣቸው።

ከዚህ በኋላ ታላቅ ሥራ ተሰጠው። ከእንጦጦ ተራራ ውሃ በቧንቧ ስቦ በኮረብታ ላይ ወዳለው ቤተ መንግሥት አወጣ። ውሃ ሽቅብ አይሄድም ይሉ የነበሩ ሰዎች አይተው ተደነቁ። ነገር ግን ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከፍ ያለ ነበረ፤ ስለዚህ ከላይ የሚወርደው ውሃ የፊተኛውን እየገፋ ወደ ኮረብታው ያወጣዋል።

በ1886 ዓ.ም. ከጅቡቲ የሚመጣውን የባቡር ሐዲድ ለማሠራት ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ተቀበለ። ኢልግ በ1908 ዓ.ም. ሞተ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ሲገባ እርሱ ባላየው ባቡር ሌሎች ተሳፈሩ።

ትንሹን ሥራ ያልናቀ ሰው ታላቁ ይሰጠዋል፤ ፍጻሜውን ሳያይ ቢሞትም ድካሙ ከንቱ አይሆንም።