በሌሉበትም የሚሠራ ሥራ፦ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ሕይወትና የሥራ ልማድ

ሥራ የሚበዛበት ሰው ሁሉ ብዙ ሥራ ይሠራል ማለት አይደለም። ከዋርድ ወደ መድኃኒት ቤት፣ ከመድኃኒት ቤት ወደ ቢሮ ሲሮጥ የዋለ ነርስ ተራውን በሚያስረክብበት ሰዓት ዋናው ጉዳይ ሳይነካ መቅረቱን የሚያይበት ቀን ጥቂት አይደለም። የዘመናዊው የነርስነት ሙያ መሥራች ተብለው የሚጠሩት ወይዘሪት ፍሎረንስ ናይቲንጌል በፋኖሳቸው ይታወሳሉ፤ በሌሊት በቁስለኞች መካከል ሲመላለሱ የሚያሳየው ሥዕል በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከዘጠና ዓመት ዕድሜያቸው ውስጥ በጦር ሜዳ ሆስፒታል የተመላለሱበት ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታላቅ ሥራቸውን በአብዛኛው የፈጸሙት ከመኝታ ክፍላቸው ሳይወጡ ነው። ይህ እንዴት እንደ ተቻለ መመርመር ጊዜ ለሚያጥረው ባለሙያ ሁሉ ይጠቅማል።

ወይዘሪት ናይቲንጌል በሜይ 12 ቀን 1820 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ ተወለዱ፤ ስማቸውም ከከተማዋ ተወሰደ። ቤተ ሰባቸው ባለጸጋ የእንግሊዝ ቤተ ሰብ ነበር። አባታቸው ግሪክኛና ላቲን፣ ታሪክና ሒሳብ ራሳቸው አስተማሯቸው። ነርስ ለመሆን መፈለጋቸውን በገለጡ ጊዜ ግን ቤተ ሰቡ አጥብቆ ተቃወመ፤ በዚያ ዘመን በሆስፒታል ሕሙማንን ማስታመም ያልተማሩና የተናቁ ሴቶች ሥራ ሆኖ ይቆጠር ነበርና። ከብዙ ዓመት ትግል በኋላ በ1851 በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት ሦስት ወር ያህል ሠለጠኑ። በ1853ም በለንደን ሃርሊ ጎዳና የሚገኝ የአንድ አነስተኛ የሴቶች ሆስፒታል ኃላፊ ሆነው ያለ ደመወዝ ማገልገል ጀመሩ።

በዚያ ሥራ መጀመሪያ ላይ የጠየቋቸው ነገሮች ጠባያቸውን ይገልጣሉ። ሙቅ ውሃ በቧንቧ ወደ እያንዳንዱ ፎቅ እንዲወጣ፣ ምግብ ከታች ወደ ላይ የሚስብ መሣሪያ እንዲተከል፣ ደወልም ሲደወል የትኛው ሕመምተኛ እንደ ጠራ የሚያሳይ ምልክት እንዲደረግ ፈለጉ። ነርሷ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ የምትውል ከሆነ ጉልበቷ ይደክማል እንጂ ዓይኗና አእምሮዋ ከሕመምተኛው አጠገብ አይገኙም የሚል እምነት ነበራቸው።

በ1854 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ በክራይሚያ ከሩስያ ጋር ይዋጉ ነበር። የቁስለኞች መከራ በለንደን ጋዜጦች በተሰማ ጊዜ መንግሥት ወይዘሪት ናይቲንጌልን ከ38 ነርሶች ጋር ላከ፤ በኖቬምበር 4 ቀን ከኢስታንቡል ማዶ ከእስኩታሪ ደረሱ። የጦር ሰፈር የነበረው ሆስፒታል በቁስለኞች ተጨናንቆ፣ ሳሙናና ፎጣ፣ ንጹሕ ልብስና ተስማሚ ምግብ ታጥቶበት ነበር። የልብስ ማጠቢያ ቤት አቋቋሙ፤ የወታደሮችን ሚስቶች ቀጥረው አሠሩበት፤ ለጽኑ ሕሙማን የሚሆን ወጥ ቤት ከፈቱ። ቀን በአስተዳደር፣ ማታ ዋርድ በመዞር፣ ከዚያም በኋላ ለሟች ወታደሮች ቤተ ሰቦች ደብዳቤ በመጻፍ ይደክሙ ነበር።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ድካም ሞትን አላቆመም። ወይዘሪት ናይቲንጌል ከጊዜ በኋላ ባቀረቡት ስሌት መሠረት በፌብሩዋሪ 1855 ከታከሙት ሕሙማን ከመቶ 42 ያህሉ ሞተዋል። በማርች ወር ከለንደን የተላከው የጤና አጠባበቅ ኮሚሽን የተደፈነውን የፍሳሽ ቦይ አስጠረገ፤ የእንስሳትን በድን አስወገደ፤ የውሃውን መስመር አጸዳ፤ ግድግዳውን ኖራ አስቀባ። በጁን የሟቾቹ ቁጥር ከመቶ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ወይዘሪት ናይቲንጌል የዚህን ለውጥ ምክንያት በሚገባ የተረዱት ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ የስታቲስቲክስ ሊቅ ከነበሩት ከዊልያም ፋር ጋር አኃዙን በመረመሩ ጊዜ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የተመላለሱ እግሮች ያልገቱትን ሞት አካፋና ኖራ ገቱት። ለቅን ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ መራራ ትምህርት የለም፤ እርሳቸው ግን አልሸሹትም። ውጤቱን ራሳቸው በሥዕላዊ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ለባለሥልጣኖች አቀረቡ። በ1858ም የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነው ተመረጡ።

በክራይሚያ ሳሉ የያዛቸው ሕመም አገራቸው ከገቡ በኋላ በ1857 አገረሸባቸው፤ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ብሩሴሎሲስ እንደ ነበረ ይገምታሉ። በ37 ዓመታቸው፣ ሥራው በበዛበት ወቅት፣ አልጋ ላይ ዋሉ። ከዚህ በኋላ የቀራቸውን ጥቂት ኃይል እንደ ገንዘብ ቆጥረው ማውጣት ጀመሩ። ግብዣና ስብሰባ ተዉ። ቀጠሮ የሌለው እንግዳ፣ ዘመድም ቢሆን፣ አይገባም ነበር፤ ባለ ቀጠሮውም የሚገባው ለብቻው ነው። በጽሑፍ ሊያልቅ የሚችለውን ጉዳይ በጽሑፍ ጨረሱ፤ ከ10,000 በላይ ደብዳቤዎቻቸው እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። የሕንድ አገርን የጦር ሠራዊት ጤንነት በሚመለከት በተደረገው ታላቅ ጥናትም ለየጦር ሰፈሩ የተላከውን መጠይቅ አዘጋጁ፤ መልሱንም መረመሩ። ሕንድን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም።

በ1859 ባሳተሙት የሕሙማን አጠባበቅ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጥቃቅን የሥራ አመራር አንድ ምዕራፍ አለ። የምዕራፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ኃላፊ የሆነ ሰው ሁሉን ነገር ሁልጊዜ በራሱ እጅ የሚሠራበትን መንገድ መፈለግ የለበትም፤ ሊፈልግ የሚገባው እርሱ ባይኖርም ሥራው እንዳይጓደል የሚያደርገውን ሥርዓት ነው። እርሷ ከሌለች ማንም ሥራዋን ሊያውቅላት እንደማይችል በኩራት የምትናገር ነርስ ጉድለቷን እንደ ሙያ መቁጠሯ ነው። ደብዳቤው ለሕመምተኛው ሳይደርስ የቀረው፣ የማይገባው ጠያቂ የገባው፣ ነርሷ ለአንድ ሰዓት ስለ ወጣች ከሆነ ጥፋቱ የመውጣቷ ሳይሆን አስቀድማ ያለማዘጋጀቷ ነው።

ይህንኑ አሳብ በተግባር አሳዩ። ሕዝብ ለክብራቸው ባዋጣው ገንዘብ በጁላይ 9 ቀን 1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በየዕለቱ የሚመሩት ሌላ ሴት ነበሩ። ሠልጣኞቹ የሥራ ማስታወሻ ይይዙ ነበርና ወይዘሪት ናይቲንጌል የትምህርት ቤቱን ሁኔታ ከቤታቸው ሆነው ይከታተሉ ነበር። ከዚያ የወጡ ነርሶች በ1868 እስከ አውስትራልያ ደርሰው ሥራ ጀመሩ።

ሆኖም ይህ ሕይወት እንከን አልነበረበትም። የቅርብ ወዳጃቸውና የሥራ አጋራቸው የጦር ሚኒስትሩ ሲድኒ ኸርበርት በጽኑ ታመው ሳለ ሥራውን እንዳይተዉ አጥብቀው ይገፋፏቸው ነበር፤ ኸርበርትም በኦገስት 1861 ሞቱ። የራሳቸውን ኃይል በጥንቃቄ የመጠኑት ሴት የሌላውን መመጠን አልቻሉም። ደግሞም አባታቸው ከ1853 ጀምሮ በየዓመቱ 500 ፓውንድ ይሰጧቸው ነበር፤ በቤታቸው ምግብ የምታበስልና የምታጸዳ ሠራተኛ ነበረች፤ የሚያሳድጉት ልጅ አልነበራቸውም። የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት የምታደርስ ነርስ በሯን ዘግታ እንግዳ ልትመልስ አትችልም። ስለዚህ ከእርሳቸው የሚወሰደው የቤታቸው ሥርዓት ሳይሆን አስቀድሞ የማዘጋጀት ልማዳቸው ነው።

በእርጅናቸው ዓይናቸው ጠፋ። በ1907 የእንግሊዝ ንጉሥ የሜሪት ኒሻን ሰጧቸው፤ ይህን ኒሻን ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት እርሳቸው ናቸው። በኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። በዌስትሚንስተር ገዳም እንዲቀበሩ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ ሰቦቻቸው አልተቀበሉትም፤ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ።

ዛሬ በየሆስፒታሉ ተራ ሲለወጥ አንዲት ነርስ የሕመምተኛውን ሁኔታ፣ የተሰጠውን መድኃኒት፣ ያልተፈጸመውንም ትእዛዝ ጽፋ ለባልደረባዋ ታስረክባለች። ከሥራዋ ሁሉ ትንሹ ይህ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የደከመችበት ሥራ መልካም መሆኑ የሚታወቀው እርሷ ቤቷ ገብታ በተኛችበት ሰዓት፣ ሕመምተኛው ደወሉን ሲደውል ነው።