ነርስ ሆነው የተፈተኑት ልዕልት

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ የደራስያንና የመምህራን የሕይወት ታሪክ ሲወጣ ቆይቷል። ዛሬ የምናቀርበው ግን የአንዲት ነርስ ታሪክ ነው። ነርስና መምህርን ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እስቲ ጥቂት ይታገሠን፤ መሐል ላይ ሲደርስ ነገሩ የእኛው የፈተናና የማርክ ጉዳይ ሆኖ ያገኘዋል።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ እናታቸው እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። ከሴቶቹ ልጆች የመጨረሻዋ እሳቸው ነበሩ። ታላቅ እህታቸው ልዕልት ዘነበ ወርቅ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ሞቱ። ቤተ መንግሥት ሞትን እንደማይከለክል በዚያን ጊዜ ማየታቸው አልቀረም።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ሲወር ልዕልቲቱ ዕድሜያቸው ከአሥራ ስድስት ዓመት ብዙ አይበልጥም ነበር። በአዲስ አበባ የሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቁሞ ለዘማቹ ልብስ፣ ለቁስለኛው ፋሻ፣ ለመርዙ ጢስ መከላከያ ጭንብል ሲያዘጋጅ እሳቸውም ከፊተኞቹ ጋር ተሰልፈው ሠሩ። በጥቂት ጨርቅና በጥቂት እጅ ከሰማይ የሚወርድ መርዝ እንዴት ይመከታል? አልተመከተም። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ ቤተ ሰቡም አብሮ ተሰደደ። በኢየሩሳሌም በኩል አልፈው ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ሎንዶን ሲገቡ ልዕልት ፀሐይ ከአባታቸው ጋር ነበሩ።

የእኛ አገር ሰው በዚያን ጊዜ ምን ላይ እንደ ነበር ለሞጣና ለብቸና ልጅ መንገር አያስፈልግም። በላይ ዘለቀ በብቸና አካባቢ አርበኛውን ይዞ ከጠላት ጋር ይተናነቃል። ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚያሻግረው መንገድ ላይ ያለው የጥንቱ የዐባይ ድልድይ በዚያው ጦርነት ተሰብሮ ሰባራ ድልድይ የሚለውን ስም ያዘ። ቁስለኛው በየዋሻውና በየገደሉ ሥር ይተኛል፤ የሚያስታምመው እናቱ ወይም ጓዱ፣ መድኃኒቱም ቅጠልና ቅቤ ነው። የሠለጠነ ነርስ የሚባል ነገር በጎጃም አርበኛ ዘንድ የሚታሰብ አልነበረም። በአገሪቱ ጠቅላላም ቢሆን የሠለጠነች ኢትዮጵያዊት ነርስ ማግኘት ጭንቅ ነበር።

እንግዲህ በስደት ላይ ያለች የንጉሥ ልጅ ምን ትሠራለች? በዘመዶችዋ መሐል ተቀምጣ ቀኑን መቁጠር ትችል ነበር። ልዕልት ፀሐይ ግን በሎንዶን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ለነርስነት ትምህርት ገቡ። ይህ ሆስፒታል በ1852 እ.ኤ.አ. በሐኪሙ ቻርልስ ዌስት አማካይነት በአሥር አልጋ የተከፈተ፣ በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት ብቻ ተብሎ በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነ ነው። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። የዚያን ጊዜ ተማሪ ነርስ ከመጽሐፍ ይልቅ ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር ትተዋወቅ ነበር። አልጋ ታነጥፋለች፣ ዕቃ ትቀቅላለች፣ የበሽተኛ ሽንት ቤት ዕቃ ታጥባለች፤ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ስትጠራት ትሮጣለች። በመሐሉም በየጥቂት ሰዓቱ ሕፃናቱን እየዞረች ሙቀታቸውን፣ የልብ ትርታቸውንና ትንፋሻቸውን ለክታ በአልጋው ራስጌ ወይም ግርጌ በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ ትጽፋለች።

ይህን ልኬት ዛሬ በየጤና ጣቢያው እናየዋለን፤ ደም ግፊት ተጨምሮበት በአንድ ስም የሕይወት ምልክቶች ይባላል። ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ ሥራ ላይ የዋለው ብዙ ተደክሞበት ነው። ቩንደርሊኽ የሚባለው የላይፕሲክ ሐኪም ወደ 25 ሺህ ከሚጠጉ በሽተኞች የሰበሰበውን የሙቀት ልኬት በ1868 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ካወጣ በኋላ ነው ትኩሳት ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት መሆኑ የታመነበት። የደም ግፊትን በክንድ ላይ በታሰረ ጨርቅና በማዳመጫ መለካትም የመጣው ኮሮትኮፍ የተባለው የሩስያ ሐኪም በ1905 እ.ኤ.አ. ድምፁን ከገለጸ ወዲህ ነው።

በሕፃን ላይ ሲሆን ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። ሕፃን አፍህ ውስጥ ቴርሞሜትር ያዝ ቢሉት አይሰማም፤ ይነክሰዋል። የዚያን ጊዜው ቴርሞሜትር ባለ ሜርኩሪ መስተዋት ስለ ነበር አስቀድሞ እየተራገፈ መውረድ አለበት፤ ሳይራገፍ የቀረ እንደሆነ የትናንቱን በሽተኛ ትኩሳት ለዛሬው ያወርሰዋል። በብብት ከተደረገም በቂ ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል። ትንፋሽ የሚቆጠረው ሕፃኑ ሳይነካና ሳያለቅስ ነው፤ አልቅሶ የተቆጠረ ትንፋሽ የልቅሶው ቁጥር እንጂ የበሽታው አይደለም። አዋቂ ሰው ዐርፎ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ከ30 እስከ 60 ይተነፍሳል። አተነፋፈሱም ወጥ አይደለም፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ቆም ይላል። ስለዚህ ሙሉ አንድ ደቂቃ ደረቱን እያዩ መቁጠር ግድ ነው።

ስድሳ ሰከንድ ምን አላት? ያልሞከራት ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ሃያ ሕፃን ባለበት ክፍል፣ አንዱ ሲያለቅስ፣ ሌላው ሲያስመልስ፣ ዓይንን ከአንድ ትንሽ ደረት ላይ ሳያነሡ ስድሳ ሰከንድ መቆም ከባድ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ታዲያ ይህን የእጅና የዓይን ሥራ እንዴት ይፈትኑታል? ጉዳያችን እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር የነርሶች መዝገብ በሕግ የተቋቋመው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ተማሪ ሠለጠንኩ ብላ ብቻ ነርስ አትባልም፤ የመንግሥቱን ፈተና ማለፍ ነበረባት። ፈተናው የጽሑፍም የተግባርም ክፍል ነበረው። በወረቀት ላይ የሰው ትክክለኛ ሙቀት ስንት ነው ቢባል፣ ያልገባውም ሸምድዶ በዚያ አገር ልኬት 98.4 ፋረንሃይት ብሎ ይጽፋል። በአልጋው ዘንድ ግን ፈታኟ የምታየው ሌላ ነው። ቴርሞሜትሩን አራገፈች ወይ? ሰዓቷን አየች ወይስ ሕፃኑን? በእውራ ጣቷ ነው የደም ሥሩን የያዘችው ወይስ በሌሎቹ? አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ተማሪዋ የራሷን ልብ ቆጥራ በሽተኛው ነው ልትል ትችላለች።

ተማሪ በጻፈው ቁጥር ብቻ ተማሪውን መፈተን እንደማይቻል የዘመናችን የነርስ አስተማሪዎችም በሚገባ ያውቃሉ። ለካ ቁጥሩ ራሱ ያጋልጣል! ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት የሚያባዛ ሰው መቼም ጎዶሎ ቁጥር አያገኝም። በአሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት የሚያባዛ ደግሞ በአንዲት ትንፋሽ ከተሳሳተ አራት ተሳሳተ ማለት ነው። የአንድ ክፍል በሽተኞች ሁሉ ትንፋሻቸው ሃያ ሃያ ተብሎ ከተጻፈ አንድም ሰው አልተቆጠረም። የደም ግፊትም ሁሉ በዜሮ የሚያልቅ ከሆነ መርፌው ሳይሆን ልማድ ነው የጻፈው። ስለዚህ ደኅናው ፈታኝ ከተማሪው ጋር በአንድ ጊዜ፣ በአንድ በሽተኛ ላይ፣ ለየብቻ ይቆጥራል፤ ሁለቱም ጽፈው ሲጨርሱ ወረቀቱን ያገናኛሉ። ለደም ግፊት ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰማበት ባለ ሁለት ጆሮ ማዳመጫ አለ። በየጣቢያው እየዞሩ፣ ዝርዝር ተይዞ፣ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት የተግባር ፈተናም ሃርደን በሚባል ሐኪም በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ ተዘጋጅቶ በ1975 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ በዓለም ተሠራጭቷል፤ ወደ እኛም አገር ደርሷል።

ይህ ጸሐፊ በአንድ ወቅት የታመመ የወንድሙን ልጅ ይዞ አንድ የሕክምና ተቋም ሄዶ ነበር። አንዲት ተለማማጅ ልጅ መጣች፤ ሙቀቱን ለካች፣ ከዚያ ልጁን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ የትንፋሹን ቁጥር ጻፈች። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝና ዝም አልኩ፤ ፈታኟ አይደለሁማ። እስከ ዛሬ ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ባለው ሕፃን ትንፋሹ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ባለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ላለበት ልጅ የሳምባ ምች ምልክት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም የሚሠሩት በዚሁ ነው። 52 የሆነውን 48 ብሎ የጻፈ ሰው ልጁን ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ ሰደደው ማለት ነው። እኛ በማስተማር ልምምድ ጊዜ የዕጩ መምህሩን የትምህርት ዕቅድ ብቻ አይተን፣ ክፍሉ ውስጥ ሳንቀመጥ ማርክ ስንሰጥ ከዚያች ልጅ በምን እንሻላለን? መልሱን ለባልደረቦቼ እተወዋለሁ፤ የሚቀየመኝም አይጠፋ።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ልዕልት ፀሐይ ሦስቱን ዓመት ፈጽመው ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት መዝገብ የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። መዝገቡ የአባት ዘውድ አይጠይቅም፤ ያውም በዚያን ጊዜ አባታቸው አገር አልባ ስደተኛ ነበሩ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ እንግሊዝ ከጀርመን ጋር ጦርነት ገባች። ልዕልቲቱ የአዋቂ በሽተኛ ነርስነትንም ለመማር ጋይስ ወደሚባለው ትልቅ የሎንዶን ሆስፒታል ገቡ። ቦምብ በሚወርድበት ከተማ ነርስ መሆን ምን እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይገምተው። ከአምስት ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ፋሻ ሲጠቀልሉ የነበሩት እጆች አሁን የሌላ አገር ቁስለኛ በሚታከምበት ቤት ይሠሩ ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ልዕልት ፀሐይም ወደ አገራቸው ተመለሱና በደሴ ሆስፒታል በነርስነት ሠሩ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አገሩ ከጦርነት የወጣ፣ ሐኪሙ ጥቂት፣ መድኃኒቱ ከዚያም ያነሰ ነው። የንጉሥ ልጅ ናትና ቢሮ ተሰጥቷት የበላይ ጠባቂ ትባል ቢባል የሚቃወም አልነበረም። እሳቸው የመረጡት ግን በሽተኛው ያለበትን ክፍል ነበር።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ዐቢይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው በወለጋ ተሹመው ስለ ነበር ወደ ነቀምቴ አብረው ወረዱ። አራት ወር አልሞላም። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሃያ ሁለት ነበር። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በበአታ ለማርያም ገዳም ዐረፈ።

ለእናቶች የሚሠሩ ሰዎች እንደሚሉት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ወላድ ደም ሲፈስሳት አስቀድሞ የሚፈጥነው የልብ ትርታዋ ነው። ግፊቷ ለጊዜው ደኅና መስሎ ይቆያል፤ ድንገት ሲወርድ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ትርታዋን በየሩብ ሰዓቱ በትክክል የሚቆጥርላት ሰው ያላት እናት የመዳን ዕድል ታገኛለች። በነቀምቴ፣ በደሴ፣ በሞጣ እንዲህ ያለ እጅ ስንት ነበር? በመላው አገር የነርስነት ምስክር ወረቀት ከነበራቸው ጥቂት እጆች ሁለቱ በዚያ ነሐሴ አብረው ተቀበሩ።

ሞታቸው ከተሰማ በኋላ በስደቱ ዘመን ለኢትዮጵያ ስትከራከር የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ በጋዜጣዋ ገንዘብ ታሰባስብ ጀመር። ዓመታት ፈጅቶ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ከሆስፒታሉም ጋር የነርሶች ማሠልጠኛ ተቋቋመ። በዚያ የተማሩ ልጃገረዶች ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ትርታና ትንፋሽ ይቆጥሩ ጀመር፤ አስተማሪዎቻቸውም በስተጀርባ ቆመው ሰዓት ያያሉ።

ዐቢይ አበበ በኋላ ሌተና ጄኔራል ሆነው በትልልቅ ሥልጣን ላይ ሲያገለግሉ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። ከአብዮቱም በኋላ የሆስፒታሉ ስም ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ዛሬ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የታክሲ ረዳቱ ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች! እያለ ሲጣራ ይሰማል። ወደዚያው የሚሳፈሩት አብዛኞቹ ሠፈሩ ስሙን የወረሰበት ሆስፒታል መጀመሪያ በአንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ስም የቆመ መሆኑን አያውቁም።