ያዕቆብ የተባለው እንግዳና የጨርቂን የዝሆን አደን

አንድ ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ጋይንት፥ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ለሥራ በተመደበ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የሥራው ክብደት ሳይሆን የአገሩ እንግድነት ነው። ከነፋስ መውጫ ብርድ እስከ በሽሎ ቆላ ሙቀት ድረስ መንገዱን አያውቀውም፤ የሰዉን ወግ ገና አልለመደውም፤ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ዕውቀትም ለጊዜው እንደ ባዕድ አገር ገንዘብ የማይመነዘር ሆኖ ይታየዋል። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው የያዘውን ብቻ ይዞ የአገሩን ዘዴ መናቅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የያዘውን ሳይጥል ከአገሩ ሰው መማር ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህን ፈተና ከ250 ዓመት በፊት በበጌምድርና በጎንደር ምድር ላይ ያየ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ጄምስ ብሩስ ሲሆን፥ በጎንደር ቤተ መንግሥት ያዕቆብ ይባል ነበር። ስሙ በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣው የዓባይ ምንጭ ነው። እኛ ግን ብዙ ሰው ልብ ያላለውን፥ ማለት በአገራችን እንዴት አድርጎ ማደንን እንደ ለመደና ከዚያ ምን እንደ ተማረ እንመለከታለን። ስለ ብሩስ ሕይወት የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጄምስ ብሩስ በዲሴምበር 14 ቀን 1730 ኪኔርድ በሚባለው በአባቱ ርስት ላይ ተወለደ። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተችበት ያደገው ያለ እናት ነው። በእንግሊዝ አገር በሃሮው ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በኤዲንበርግ ሕግ እንዲማር ተደረገ፤ ነገር ግን ልቡ ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ ወደ ፈረስና ወደ ጠመንጃ ያዘነብል ነበር። በ1754 አድሪያና አለን የምትባል ወጣት አግብቶ በአማቶቹ የወይን ጠጅ ንግድ ገባ። ሚስቱ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ በሳምባ ነቀርሳ ታማ ፓሪስ ላይ ሞተች። ከዚህ ሐዘን በኋላ ብሩስ በአንድ ስፍራ ረግቶ መቀመጥ አልሆነለትም። ወደ ስፔይንና ወደ ፖርቱጋል ተጓዘ፤ ዓረብኛ አጠና፤ በኋላም ወደ ግዕዝ ትምህርት አለፈ። አባቱ ሲሞቱ የወረሰው ርስት የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት ስለ ነበረ፥ ለረጅም ጉዞ የሚሆን ገንዘብ አላጣም።

ከ1763 እስከ 1765 ድረስ በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ አገለገለ። ከዚያም ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለውን የቦሎኛ ሠዓሊ አስከትሎ ሰሜን አፍሪካን፥ ሶርያንና ግብፅን ዞረ። በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ወረደ፤ በፌብሩዋሪ 1770 ደግሞ ጎንደር ገባ።

በዚያን ጊዜ ዙፋኑ ላይ የነበሩት ወጣቱ ዓፄ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ፥ ሥልጣኑን በእጃቸው የያዙት ሽማግሌው ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። ብሩስ በደረሰ ጊዜ ፈንጣጣ ገብቶ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የመኳንንቱን ልጆች ይዞ ነበር። የእቴጌይቱ ልጅና የራስ ሚካኤል ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ አስቴርም ልጆቻቸው ታመውባቸው ስለ ነበረ እንግዳውን አስጠሩት። እርሱም የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፍቶ፥ ቤቱን በንጹሕ አየር አናፍሶና አጥኖ በሽተኞቹን አስታመመ። ከዳኑት አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ አይቶ ክንፉ ነበር። ይህን ስም አንባቢ ልብ ይበል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ብሩስ የአገሩን ልብስ ለበሰ፤ ጠጉሩን እንደ ጎንደር ባላባት አሠራ፤ በአማርኛም መነጋገር ጀመረ። ይሁን እንጂ ልብስን መለወጥ ቀላል ነው፤ ትዕቢትን መለወጥ ግን ያስቸግራል። በዚያ ዘመን በአገራችን የነበረው ጠመንጃ በክር እሳት እየተለኮሰ የሚተኮስ ነበር። ብሩስ የያዘው ግን ከዚያ የተሻለ ነበር፤ እርሱም ራሱ የታወቀ አነጣጣሪ ስለ ነበረ በዚህ ይኮራ ነበር። አንድ ቀን ገብረ መስቀል ከተባለው የራስ ሚካኤል ዘመድ ጋር ስለ ተኩስ ሲከራከር፥ በእርሱ ጠመንጃ የተተኮሰ የጧፍ ቁራጭ ከሌላው የብረት ጥይት ይበልጣል ብሎ ተናገረ። ነገሩ ወደ ጠብ አደገ፤ እንግዳውም ለጥቂት ጊዜ ሕይወቱ አደጋ ላይ ወደቀ። በኋላ በንጉሡ ፊት ግማሽ ጧፍ ጎርሶ የተተኮሰው ጠመንጃ ሦስት ጋሻ በስቶ በማለፉ ሰው ሁሉ ተደነቀ። ብሩስ በዚህ ክብር አገኘ። ነገር ግን ነገሩን በጥሞና ለሚመለከት፥ በአንድ የኩራት ቃል ጉዞውንና ነፍሱን ሊያጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ እንናገር። በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ከባሉጋኒ ጋር ግሼ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አየ። ራስ ኤል ፊል የሚባለው የምዕራብ ቆላ ግዛትም በስሙ ተሰጠው፤ የስፍራው ስም በዓረብኛ የዝሆን ራስ ማለት ነው። እርሱ ግን ቆላውን ስለማያውቀው፥ አገሩን የሚያውቀውን ያሲንን በምትኩ አስቀመጠ። በሜይ 1771 የበጌምድሩ ወንድ በወሰንና የአምሐራው ጎሹ ከራስ ሚካኤል ጋር በሰርባኩሳ በተዋጉ ጊዜ ብሩስ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ነበረ፤ ስለ አገልግሎቱም ንጉሡ የወርቅ ሐብል ሸለሙት። ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ በዚያን ጊዜ የበጌምድር ክፍል ነበሩ፤ የበጌምድር ፈረሰኛ ምን ያህል የተፈራ እንደ ነበረም ብሩስ በዓይኑ አይቶ መስክሯል። ባሉጋኒ ግን በዚያው ዓመት ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። ብሩስም በዲሴምበር 26 ቀን 1771 ጎንደርን ለቅቆ በስናር በኩል ወደ አገሩ ለመመለስ ተነሣ።

መንገዱ በወይዘሮ አስቴር ግዛት በጨርቂን በኩል ያልፍ ነበር። እዚያ ቆይቶ የተቀበለው ከሁለት ዓመት በፊት ከፈንጣጣ ያስታመመው አይቶ ክንፉ ነው። ወጣቱ ውለታውን ሊከፍል ፈልጎ ትልቅ የዝሆን አደን አዘጋጀለት።

እዚህ ላይ የቆላውን አደን ጠባይ መናገር ያስፈልጋል። ደገኛ ቆላ የሚወርደው ንዳዱ በሚቀንስበት በበጋ ወራት ነው። ዱሩ የማንም የግል እርሻ አልነበረም፤ ሆኖም ሣሩ ከፈረስ ቁመት በሚበልጥበት፥ ውኃው የት እንዳለ በማይታወቅበት ስፍራ ያለ መሪ መግባት ሞትን መፈለግ ነበር። መሣሪያውም እንደ ሕዝቡ ይለያያል። በጣና ዳር ወይጦዎች ጉማሬን በጦር ያድኑ ነበር። በምዕራቡ ቆላ የሚኖሩ ሕዝቦች ቀስትና ፍላጻ ይዘው ያድኑ ነበር፤ ብሩስ እንደ ጻፈው ከገደሉት አውሬ ቆዳ ቁራጭ እየወሰዱ በቀስታቸው ላይ እንደ ቀለበት ያጠልቁ ነበር። የጨርቂን አዳኞች ግን ዝሆንን የሚጥሉት በሰይፍ ነበር።

አሠራራቸውም እንደሚከተለው ነው። ሁለት ሰዎች ልብሳቸውን አውልቀው በአንድ ፈረስ ይቀመጣሉ፤ ልብስ የሚያወልቁት እሾህና ቅርንጫፍ እንዳይዛቸው ነው። የፊተኛው ልጓሙን ይይዛል፤ በእጁም ከአጭር በትር በቀር ሌላ የለውም። የኋለኛው ሰፊ ሰይፍ ይዟል። ፈረሰኛው ወደ ዝሆኑ ፊት ቀርቦ የራሱን፥ የአባቱንና የፈረሱን ስም እየጠራ ይፎክራል፤ ዝሆኑም ተቆጥቶ ይከተለዋል። ፈረሰኛው ወዲያና ወዲህ እያዞረ ካደከመው በኋላ በጎኑ አልፎ ጓደኛውን ከበስተኋላው ያወርደዋል። ባለ ሰይፉም በቅጽበት ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት ይቆርጣል፤ ፈረሰኛው ተመልሶ ጓደኛውን አፈናጥጦ ይሸሻል። መራመድ ያቃተው ዝሆን ከዚያ በኋላ በጦር ይሞታል። ሥጋው እንደ ልጓም ጠፍር በረጅሙ ተተልትሎ በዛፍ ላይ ይደርቅና ለክረምት ስንቅ ይሆናል።

በጠመንጃው ሲኮራ የነበረው ብሩስ በዚህ ስፍራ ራሱን ተማሪ ሆኖ አገኘው። ጥይት ከሩቅ ይሄዳል፤ ነገር ግን በጥቅጥቅ ዱር ውስጥ ሩቅ የሚባል የለም። ያ አደን የሚጠይቀው የመሣሪያ ብልጫ ሳይሆን የፈረሱን ጠባይ፥ የመሬቱን አቀማመጥና የጓደኛን ታማኝነት ማወቅ ነው። ፈረሰኛው አንድ ጊዜ ቢያመነታ ባለ ሰይፉ ይሞታል። ብሩስ ፈረስን አጥብቆ የሚያውቅ ሰው በመሆኑ ይህን ዘዴ አልናቀም፤ አጠገባቸው ሆኖ ተከተለ፤ እያንዳንዱን ነገር አስተውሎ መዘገበ። ዛሬ ይህን አደን የምናውቀውም ከእርሱ ጽሑፍ የተነሣ ነው።

በዚያው አደን ላይ ግን ብሩስ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ያልረሳው ነገር ደረሰ። አዳኞቹ አንዲት ግልገል ያላትን እናት ዝሆን አገኙ። እናቲቱ ቆስላ በወደቀች ጊዜ፥ ማንም ሳያሳድደው አምልጦ የነበረው ግልገል ከቁጥቋጦው ወጥቶ በፈረሶቹና በሰዎቹ ላይ በቁጣ ሮጠ። ትንሹ እንስሳ ለራሱ ሳይፈራ እናቱን ሊያድን ሲታገል ያየው ብሩስ ልቡ ተነካ፤ እናቲቱን እንዲተዉአት ጮኸ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ግልገሉም በጦር ተወግቶ ሞተ። ሌሎቹ አዳኞች ቀኑን የድል ቀን አድርገው ቈጠሩት፤ እርሱ ግን ሐዘን ይዞ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ።

ከጨርቂን በኋላ ያገኘው መንገድ እጅግ የከፋ ነበር። በስናር ለወራት ተይዞ ቆየ፤ የኑብያን በረሃ ሲያቋርጥ ግመሎቹ አልቀውበት ጽሑፎቹን አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ ሄደ። በኖቬምበር 1772 አስዋን ገብቶ ነፍሱ ከተረፈች በኋላ ሌላ ግመል ይዞ ተመልሶ ንብረቱን አነሣ። ካመጣቸው መጻሕፍት መካከል በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ የነበረው የመጽሐፈ ሄኖክ የግዕዝ ቅጂ ይገኝበታል፤ ከቅጂዎቹ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ አበረከተ፥ ሌላው በኦክስፎርድ መጻሕፍት ቤት ይገኛል። የአገራችን ሐኪሞች ለተቅማጥ የሚጠቀሙበት ዋጊኖስም በሳይንስ ስሙ በብሩስ ስም ይጠራል።

በአገሩ ግን የጠበቀው ክብር ሳይሆን ሳቅ ነው። ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ አደን የተናገረውን የለንደን ሰዎች እንደ ተረት ቈጠሩት፤ ሳሙኤል ጆንሰን የሚባለው ስመ ጥሩ ደራሲም ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነበር። ብሩስ ተቀይሞ ወደ ኪኔርድ ገባ፤ መጽሐፉን በአምስት ክፍል ያሳተመው በ1790 ነው። በአፕሪል 1794 አንዲት እንግዳ ወይዘሮ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ፥ ዝሆንና በረሃ ያልገደሉት ሰው በማግስቱ ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተጓዦች ካጻፈው ብዙው እውነት መሆኑን አረጋገጡለት።

ሆኖም እኛ ጥፋቱን አንሸሽግም። የኢየሱሳውያኑ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 የዓባይን ምንጭ ማየታቸውን ሊቀበል አልወደደም። አብሮት ግሼ የደረሰውን የባሉጋኒንም ድካም በመጽሐፉ አልመሰከረለትም። በጎንደር ያስጠቃው ያ ኩራት ወደ አገሩም ተከትሎት ሄዶ ነበር ማለት ነው። በጨርቂን ዱር የተማረውን፥ ማለት ማንም ሰው ያለ ጓደኛው እርዳታ ብቻውን ዝሆን እንደማይጥል፥ ለመጽሐፉ ሳይጠቀምበት ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ተማሪዎቻችንና ወጣት ሹሞቻችን ሁለት ነገር ሊወስዱ ይችላሉ። አንደኛው ስለ አውሬው ነው። በብሩስ ዘመን በመንጋ ይታይ የነበረው ዝሆን ዛሬ ከሰሜን ምዕራብ አገራችን ከጥቂት ስፍራ በቀር ጠፍቷል። በእኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ በጉና ተራራና በጋይንት ገደል የሚታየው ጭላዳም በዚህ ጥበቃ ሥር ነው። የግልገሉን ታሪክ ያስታወሰ ሰው ሕጉን ለመጠበቅ ዘበኛ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ስለ ሰው ነው። ወደ መካነ ኢየሱስ፥ ወደ አርብ ገበያ ወይም ወደ ወገዳ የሚላክ ወጣት በእጁ የያዘው ጠመንጃ ሳይሆን ዲፕሎማ ነው። ዲፕሎማው እንደ ብሩስ ጠመንጃ ከሩቅ ይመታ ይሆናል። ነገር ግን ገበሬው ማሳውን የሚያርፍበትን ወር፥ ሽማግሌዎች እርቅ የሚያወርዱበትን ጥላ፥ ጎርፍ የሚሰበርበትን መንገድ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ሳምንት በጧፍ ጋሻ እበሳለሁ ከማለት፥ ከፈረሱ ኋላ ተፈናጥጦ መንገዱን መማር ይሻላል። በሥራው መጨረሻም አብሮት የደከመውን ሰው ስም ከሪፖርቱ ላይ እንዳይረሳ አደራ እንላለን።